ሐይቅ ዳር ከቀሩት ጋር

«በስድስት» አሉኝ እንግዶቹ፤ እኔም ለይማም «በስድስት»፣
አንዲት ቃል ሳልጨምርበት፣ አንዲት ቃል ሳላጎድልበት።
እነሱ ጎሕ ሲቀድ መጥተው፣ የደሴ ብርድ ሲገርፋቸው፣
ይማም ቀትር ላይ ደርሶ «ምነው ፊታቸው?» አለኝ ሲያያቸው።
የመጀመሪያው ትርጉሜ እንዲህ ሆኖ ተከፈተ፣
አበሌ ኪሴ ሳይገባ ስሜ ቀድሞኝ ሸፈተ።

ስድስት ናቸው፤ ለአንድ መንፈቅ ለግቢያችን የተሰጡ፣
ከኪሱሙ፣ ከቡሳን፣ ከኢዝሚር፣ ከየት ከየት የመጡ።
አይኖ የምትባል ደግሞ አለች፣ ከፊንላንድ፣ ዝምተኛ፣
ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ቀብራ መስኮት ዳር የምትተኛ።

ቦሩ ሜዳን ስናልፍ ኤምሬ ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ፤
«ሲሳይ እንድሪስ» ስለው ግራ ገብቶት አስተዋለኝ።
«አባትህ በአንዱ፣ አንተ በሌላው? ቤታችሁ ስንት በር አለው?»
«አንድ ነው» አልኩት፣ «እሱም አይዘጋም፤ መቀርቀሪያ የለው።»
ሳቅን።
ያ መቀርቀሪያ የተሰበረበት ሌሊት
በጉብኝቱ አልተካተተም፤
ዘለልኩት፣ ይማም ጉድጓድ በሚዘልበት ፍጥነት።

ሐይቅ ደረስን። እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም ገዳሙ፤
ወንዶቹ አስጎብኚ ተከትለው ዛፎቹ ውስጥ ሰጠሙ።
እኔም ልገባ ነበር፤ ደሴ ተወልጄ፣ አድጌ፣ ተምሬ፣
ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆኝ፣ ሐይቅን ያየሁት ገና ዛሬ።
ግን ሱጂንና አይኖ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ፣
እግሬ ከበሩ ተመለሰ፤ እንጃ ምን እንደያዘኝ።

እናት ዘምዘም ቆሮሶ ጠብሰው በጋዜጣ ጠቀለሉልን፤
«ይቺ ነጯ ስሟ ማነው?» አሉ፣ ቃሪያ እየጨመሩልን።
«አይኖ» አልኳቸው። «ዓይኔ?» አሉ። «አይ፣ አይኖ ነው።» «እኮ፣ ዓይኔ!
ከእንግዲህ ስሟ ይኸው ነው፤ ያወጣሁላት እኔ።»

«ጥንት ይህ ሁሉ ውሃ ሜዳ ነበር» አሉ፣ ዓሣ እየገለበጡ፣
«አንዲት ነፍሰ ጡር ተበድላ አለቀሰች፤ በዳዮቿ ሰመጡ።
እሷ የተቀመጠችባት ብቻ ተረፈች፤ ያቻትና፣ ደሴቷ።»
ተረጎምኩ። አይኖ ማኘኩን አቆመች፤ ተሸበሸበ ፊቷ።
«ሴት ተቀምጣ ያተረፈችው መሬት ለሴት እንዴት ተዘጋ?»
ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ እሾህ እንዳለበት ሥጋ።
እንግዳ ናት ልበል? ልዝለለው፣ እንደዚያ ሌሊት?
ሱጂን በክርኗ ጎሰመችኝ፦ «በል እንጂ፣ ንገርላት!»

ነገርኳቸው። እናት ዘምዘም ጭልፋቸውን አስቀመጡና
ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፣ ሳቁና፣ ሳቁና፣
«ማን ተዘጋ አላት?» አሉ፤ «እሷ ናት ያበደረቻቸው፤
ዳር ቁጭ ብላ፣ ባለ ርስቷ፣ ታያለች እንዴት ነው አያያዛቸው።»
ይህን ስተረጉም ቃል ጎደለኝ፤ «ርስት» የሚሉትን በምን ልፍታ?
እጄን መሬቱ ላይ አሳረፍኩ፤
አይኖ አየች፤ ገባት፤ በዝምታ።

ወንዶቹ ሲመለሱ፣ ስልካቸው በፎቶ ሞልቶ ሞልቶ፣
«እናንተስ ምን አያችሁ?» አለ ኤምሬ፣ ጎናችን ተጎልቶ።
አይኖ ጣቷን ልሳ «ዓሣ» አለች፤ በአማርኛ፣ ያውም አጥብቃ፤
ሱጂን ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ አልተረጎምነውም በቃ።

ማታ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ሁሉም አንቀላፍቶ ሲወዛወዝ፣
አይኖ ከመስኮቱ ዞር አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ትኩዝ።
«ያ የበር መቀርቀሪያ» አለችኝ፣ «እንዴት ነው የተሰበረ?»
ጠዋት የተኛች መስሎኝ፤ ለካ ጆሮዋ ነቅቶ ነበረ።

ይማም ፍጥነት ቀነሰ። ጉድጓዱ ፊታችን ነበር።
አሁን ግን አልዘለለውም፤ ወረደበት፣ በቀስታ፣ ጎማው ሲንገራገር።

«ስድስት ሰዓት ነበር» አልኳት፤
«ስድስት በእኛ። እኩለ ሌሊት።»